ቀይዋን ነጥብ እዪ

አልተኛችም። ከተማው ግን ተኝቷል። የጁምዓ ሰላት አብቅቶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ጫቱ ለሚቅመው ደርሶ፣ ለማይቅመው ምንጣፉ ተነጥፎ፣ የጅቡቲው ሰፈር ካርቲየ 7 ቢስ በሙሉ፣ ቆርቆሮውም ፍየሉም ባለሱቁም፣ በጀርባው ወድቋል። በዚህ ሰዓት ቆሞ የሚሄድ ሰው ወይ አብዷል ወይ ከደጋ ነው የመጣው ትላለች አከራይዋ ጀዋሪያ። ናዒማ ከደጋ አልመጣችም፣ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ በሙቀት አትታማም፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሏታል፣ ማራገቢያው ከጣሪያው ላይ ትኩስ አየር እያነሳ መልሶ ትኩስ አየር ይጥልባታል፣ እሷም በጎኗ ተኝታ ግድግዳው ላይ ካለች አንዲት ምስማር ጋር ተፋጣለች። ከእሷ በፊት የነበረው ተከራይ ምን እንደሰቀለባት አላህ ይወቅ። የምስማሯ ራስ ዝጋለች፣ ቀልታለች፣ ክብ ናት፣ ነጥብ ናት።

ነጥቧን ብቻ እዪ። ወደ ጎን አትዪ።

ምስማሯ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗስ? እሱን አታውቅም፣ ዓይን ራሱን አያይም፣ የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ እግር ሲያነክስ ባለቤቱ ያውቃል፣ ድምፅ ሲጎረንን ባለቤቱ ይሰማል፣ ዓይን ግን ሄዶ ይመለሳል፣ አንድ ነገር ሰርቆ እንደመጣ ልጅ ቦታው ላይ ቁጭ ይላል፣ ‘የት ነበርክ’ ቢሉት ‘እዚሁ’ ይላል። ማሽኑ ባይነግራት ኖሮ እስክትሸብት ድረስ እኔ የማየውን ነገር ትክ ብዬ ነው የማየው እያለች ትኖር ነበር።

ሥራዋ አስተርጓሚነት ነው፣ አንዲት የዓይን ክሊኒክ ውስጥ። ከአዲስ አበባ፣ ከሞጆ፣ ከድሬዳዋ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ማታ የመኪና መብራት ሲበተንባቸው፣ የመንገዱ አሸዋ ዓይናቸውን ሲያቀላው ይመጣሉ፣ ሐኪሟ በፈረንሳይኛ ትጠይቃለች፣ ናዒማ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ለሚፈልግ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማልኛ፣ ሾፌሮቹ በየትኛውም ቋንቋ ቀልድ ይመልሳሉ። ጋሼ፣ አገጭዎን እዚህ ላይ፣ ግንባርዎን እዚህ፣ ቀይዋን ነጥብ ብቻ ይዩ፣ ወደ ጎን እንዳያዩ። “እህቴ፣ እኔ ወደ ጎን ካላየሁ ግመል ይገባብኛል።” እዚህ ግመል የለም ጋሼ። “ማን ያውቃል፣ ጅቡቲ ነው።”

ባለፈው እሁድ አዲስ ማሽን መጣ። ዓይንን እየቀረጸ እንቅስቃሴውን በመስመር የሚስል፤ ሐኪሟ ዶክተር ማይሙና፣ ረጅም፣ ሳቂታ፣ የዚሁ ከተማ ልጅ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ዙሪያውን ስትዞረው ዋለች። “ቦን” አለች፣ ነገር ስትጀምርም ነገር ስትጨርስም የምትለው ይህንኑ ነው፣ “ቦን፣ በመጀመሪያ የጤነኛ ሰው መስመር እንፈልጋለን፣ ለማነጻጸሪያ። ናዒማ፣ አንቺ ተቀመጪ።” እየሳቀች ተቀመጠች። በዚህ ክሊኒክ ውስጥ ነጥብ ማየት የሚችል ሰው ካለ እኔ ነኝ፣ ስንቱን ሾፌር አስተምሬ፣ ብላ። አገጯን አስቀመጠች። ክፍሉ ጨለመ። ቀይዋ ነጥብ መጣች።

“ነጥቧን እዪ።”

“እያየኋት ነው።”

“እያየሻት ነው?”

“እያየኋት ነው ዶክተር።”

“ቦን። እንደገና።”

መስመሩ ቀጥ ብሎ መሄድ ነበረበት። የእሷ መስመር ግን ይሄዳል፣ ድንገት ወደ ጎን ይዘላል፣ እዚያ ጥቂት ይቆያል፣ ተመልሶ ይወርዳል፤ ይሄዳል፣ ይዘላል፣ ይቆያል፣ ይወርዳል፤ ስታየው የቁልፍ ጥርስ ይመስላል። የትኛውን በር እንደሚከፍት ያልታወቀ ቁልፍ። ጤነኛ ተብላ የተቀመጠችው እሷ ናት፣ ከእሷ ቀጥሎ ለቀልድ የተቀመጠው ዘበኛ እንኳ፣ ግማሽ ቀን ጫት የሚቅመው ሰውዬ፣ መስመሩ እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ አለ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጉራውን ቸረቸረበት።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሐኪሟ በሩን ዘጋች። እንዲህ ያለው ዝላይ ትንሽ ትንሽ ማንም ላይ አለ፣ አትደንግጪ አለቻት፤ ሲበዛ ግን እንጠይቃለን። ብዙ ምክንያት አለው። ምግብ እምቢ በሚሉ፣ ራሳቸውን በሚያስርቡ ሰዎች ላይ በዝቶ አገኘነው ብለው የጻፉ ሐኪሞች አሉ፤ ለምን እንደሆነ ገና በቅጡ አልታወቀም፣ ይህ መስመር ብቻውን ደግሞ ምንም አይፈርድም። ከዚያ ወንበሯን አስጠጋች።

“ናዒማ፣ ዛሬ ምሳ ምን በላሽ?”

ምን በላሽ። ይሄ ጥያቄ እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? እሷ ባደገችበት ቤት የሚጠየቀው ‘በላሽ?’ ነው፣ መልሱ ‘በላሁ’ ነው፣ ሁለቱ ቃላት እንደ ሰላምታ ተያይዘው ይወጣሉ፣ ማንም ውስጣቸውን ከፍቶ አያይም። ‘ምን?’ ሲባል ግን በር ይከፈታል። ናዒማ መልሱን በአራቱም ቋንቋ ፈለገች፣ አጣች። ሐኪሟ የእጅ አንጓዋን ይዛ የልቧን ምት አዳመጠች፣ ዝግ ያለ ነው፣ ደስ አላለኝም አለች። “የምትታከሚበት ሰው አገናኝሻለሁ፣ እኔ የዓይን ሐኪም ነኝ። ግን በሚቀጥለው እሁድ ስትመጪ አንድ ሰው ይዘሽ ነይ። የሚያውቅሽ ሰው። ብቻዋን የምትመጣ ልጅ ‘ደህና ነኝ’ ብላኝ ትሄዳለች፣ አውቃታለሁ፣ ‘ደህና ነኝ’ ማለቷን የሚተረጉምልኝ ሰው የለም።”

ዛሬ አርብ ነው። እሁድ ከነገ ወዲያ።

ማንን ትይዝ? ጀዋሪያን? ጀዋሪያ ደግ ናት፣ ግን ጀዋሪያ ያወቀችውን ካርቲየ 7 ቢስ ከማምሻው ያውቀዋል፣ በማግስቱ ጋቦዴ እስር ቤት ይሰማል፣ እስረኞቹ ሳይቀሩ ይማርሽ ይሏታል። ዘበኛውን? በቀጥታ መስመሩ ሊያሾፍባት! ምስማሯን ታያለች። ምስማሯ አንድ ሰው ብትሆን ኖሮ ይዛት ትሄድ ነበር፣ ዝምተኛ ናት፣ ታውቃታለች።

መቼ እንደጀመረ አታውቅም፣ እንዲህ ያለ ነገር ‘ዛሬ ጀመርኩ’ ብሎ አይመጣም። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ምግብ በትሪ ነው፣ ትሪው የሁሉም ነው፣ እጅሽ ከእህቶችሽ እጅ ጋር ይገባል ይወጣል፣ ምን ያህል እንደበላሽ አታውቂም፣ የበላሽው አንቺ መሆንሽንም እንጃ፣ ትሪው ነው የሚያልቀው። እዚህ ስትመጣ ሳህን ተሰጣት። አንድ ሳህን፣ ለብቻዋ፣ መሐል ላይ ተቀምጦ የሚያፈጥባት። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አለች። ከዚያ ሥራው። ከዚያ ረመዳን መጣ፣ ሁሉም ጾመ፣ እሷ ከሁሉም በረታች፣ ማሻአላህ ተባለች፣ ረመዳን አለፈ፣ ሁሉም ፈታ፣ እሷ ሳትፈታ ቀረች። በዚህ ከተማ ክፍሉ የጀዋሪያ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ የመንግሥት ነው፣ አፏ ውስጥ ያለው ቃል የሐኪሟና የሾፌሮቹ ነው፤ የራሷ የሆነ አንድ ነገር አገኘች፣ እምቢታዋ። እሱን ጠበቀችው። የማይበላ ሰው ስለ ምግብ አያስብም የሚል ካለ ግን መጥቶ ናዒማን ይጠይቅ፤ የየመኖቹ ዓሣ ከምድጃ የሚወጣበትን ሰዓት ታውቃለች፣ በየትኛው መንገድ ላይ ዳቦው እንደሚያር ታውቃለች፣ ተኝታ ሽንኩርት ስታቁላላ ታድራለች፣ በሕልሟ ጨው ትጨምራለች። አትበላም፣ በሐሳቧ ግን ስታበስል ትውላለች። ይሄ ራሱ አያስቅም? ያስቃል። ብቻዋን ሳቀች። ጀዋሪያ ከግድግዳው ማዶ “ወይ አበደች!” አለች በሶማልኛ፣ ገልበጥ ብላ ተኛች።

ድመቷ መጣች። የጀዋሪያ ድመት ናት፣ ሱልጣና ትባላለች፣ ስሟም ሆዷም የቤተ መንግሥት ነው። በሩ ሥር ባለው ክፍተት ትገባ ነበር፣ ድሮ፤ አሁን ስለማትችል በሩን በራሷ እየገፋች ነው የምትገባው። እናቷ በየምሽቱ በቪዲዮ ትደውላለች፣ ናዒማ ሳህኗን ስልኩ ፊት ታስቀምጣለች፣ ሩዝ፣ ዓሣ፣ የተከተፈ ቲማቲም፣ ሁሉንም አሳምራ፤ በላሽ? ይኸው እማ፣ እየበላሁ ነው፤ ከዚያ ስልኩን ዞር ታደርገዋለች፣ ኔትወርኩ ነው ትላለች፣ ከስልኩ ጀርባ ሱልጣና ሥራዋን ትጀምራለች። እናቷ ወይዘሮ ዓዚዛ ደግሞ ድመት ወዳጅ ናት።

“ሱልጣናስ? እስቲ አሳዪኝ። ማሻአላህ፣ ማሻአላህ! አንቺ ልጅ፣ ይቺ ድመት ምን ሆና ነው እንደ ትራስ ያበጠችው?”

“አይጥ ስለበዛ ነው እማ።”

“የጅቡቲ አይጥ ቅቤ ነው እንዴ የሚበላው?”

ይስቃሉ። ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ያ ሳቅ ሰው እንደወጣበት ጃኬት ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለማን ነው የምትዋሸው? በረመዳን ደጃፏ ላይ ቆማ ሳምቡሳ ጠብሳ ሦስት ልጅ ላሳደገች ሴት። የዓዚዛ ሳምቡሳ መጋላን አልፎ እስከ ከዚራ ሰፈር ይታወቃል፤ ስጋው በእጅ የተከተፈ ነው፣ በማሽን የተፈጨ አታስገባም። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ የምስር ሳምቡሳ ቀረበላት፣ ነክሳ፣ አይታ፣ ሳህኑ ላይ መለሰችው። “ይሄ ሳምቡሳ አይደለም” አለች ሙሽራይቱ እየሰማች፣ “ምስር ኮፍያ አድርጎ ነው።” እስከ ዛሬ የሙሽራይቱ ቤተሰቦች ሰላም አይሏትም።

ማክሰኞ ለእናቷ ሊነገር ተነሳ፣ ቃሉ። አፏ ድረስ መጣ። እማ ልንገርሽ የምለው ነገር አለ። ምን ሆንሽ? ምንም አልሆንኩም፣ እማ፣ ዓይኔ ይዘላል።

“የትኛው?”

“ሁለቱም።”

“ሁለቱም! እንግዲያ ባልና ሚስት ናቸው የሚመጡት።”

“እማ፣ የእንግዳ አይደለም ...”

“ላይኛው ቆብ ነው ታችኛው? ታችኛው ከሆነ እንባ ነው፣ አትንገሪኝ።”

“ቆቡ አይደለም። ብሌኑ ነው። ሐኪሟ በማሽን ነው ያየችው።”

“በማሽን የታየ እንግዳ! ብሌኑ ከሆነማ መንገድ ጀምሯል። አንቺ፣ ቤትሽ ውስጥ ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር አለ?”

ደስታዋ ቃሉን ወሰደው። ናዒማ ታያለች፣ ስልኩ ውስጥ እናቷ ሻርፗን እያስተካከለች፣ እንግዳው አሁኑኑ ድሬዳዋ የሚገባ ይመስል፤ ምን ትበል? እንግዳ አይደለም እማ፣ ረሃብ ነው? ከዚያ እናቷ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች፣ ዓይኗ ብቻ እስኪታይ። ኔትወርኩ የቆመ መሰላት። ኔትወርኩ አልቆመም ነበር። “አርብ” አለች እናቷ በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፣ “ፍስሐ የሚባል ሾፌር ይወርዳል። የአራዳ ሰው ነው፣ ወሬኛ፣ ጥሩ ሰው። ስንቅ እልክልሻለሁ።” እማ አትላኪ። “ለአንቺ ማን ላከ? እንግዳ ባዶ ቤት አይገባም፣ ለእንግዳው ነው።”

አሁን፣ አርብ ከሰዓት፣ ስልኩ ጮኸ። ሱልጣና ዘለለች፣ ማለት ዘለልኩ ብላ ተነሳች።

“ሄሎ፣ ናዒማ ነሽ? ፍስሐ ነኝ፣ የእናትሽ ተላላኪ። ፔካ 12 ደርሻለሁ፣ የከባድ መኪኖቹ ማቆሚያ። አደራሽን ነይና ውሰጂ።”

“ጋሽ ፍስሐ፣ እንኳን ደህና መጡ። እዚያ ያለ ሱቅ ይተዉልኝ፣ ማታ እወስደዋለሁ።”

“ሱቅ? እናትሽ እኮ ከዕቃው ይልቅ ዕቃውን የያዝኩበትን እጄን ነው ሲቆጣጠሩ ያደሩት። ለሱቅ የሚሰጥ አደራ የለም። ነይ።”

ተነሳች። ጀዋሪያ በመስኮት አየቻት፣ በዚህ ፀሐይ? አለች፣ ደግሞ ‘ያው አልኩ እኮ’ እንደሚል ሰው ራሷን ነቀነቀች። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ሰው ነው ያለው፣ ሁለቱም ተኝተዋል፣ ሾፌሩም ቢሆን እንጃ። ኸምሲኑ፣ ያ ትኩስ የበጋ ነፋስ፣ አቧራውን ከመንገዱ ዳር እያነሳ መስታወቱ ላይ ይበትነዋል። ናዒማ ከአሁኑ ማካፈል ጀምራለች፣ እንጀራው ለጀዋሪያ፣ ወጡ ለጀዋሪያ ልጆች፣ ሳምቡሳው ለዘበኛው፣ የተረፈው ለሱልጣና፤ ማታ ለእናቷ ባዶውን ዕቃ ታሳያታለች፣ እንግዳው ጨረሰው እማ፣ ጥሩ እንግዳ ነበር። ውሸቱ ራሱ ተሰናድቶ መጣ፣ ጎበዝ ነው፣ ሥራውን ያውቃል። መጀመሪያ ላይ እሷ ነበረች የምትዋሸው፤ አሁን እሱ እሷን ይዞ ይሄዳል።

ፔካ 12። መኪኖቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ አፍንጫቸው አንዱ ወደ ወደቡ አንዱ ወደ አገር፣ ከሥራቸው ሾፌሮችና ረዳቶች በጥላው ልክ ተጣጥፈው ተኝተዋል። ፍስሐን ለማግኘት አልተቸገረችም፣ የቆመው እሱ ብቻ ነው፤ ክብ ሰውዬ፣ በነጠላ ጫማ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ፣ በግራ እጁ የውኃ ጀሪካን፣ በቀኝ እጁ ሳሙና። ከተሳቢው ሥር ሰሌን አንጥፏል። መሐል ላይ የእናቷ ትልቁ የምግብ ዕቃ በፎጣ ተጠቅልሎ ቁጭ ብሏል። ፎጣውን አወቀችው። በልጅነቷ ታጥባ የምትጠቀለልበት ሰማያዊ ፎጣ ነው፣ ጠርዙ ተተልትሏል።

“ታጠቢ።”

“እኔ?”

“እንዴ! ጎማው ነው የሚታጠበው?”

“ጋሽ ፍስሐ፣ እኔ በልቻለሁ።”

“እኔም በልቻለሁ፣ ትናንት። ዛሬ አርብ ነው፣ ሆዴ ባዶ ሆኖ ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረድኩት። ስሚ እህቴ፣ እናትሽ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‘አንተ ፍስሐ፣ ከልጄ ጋር ከአንድ ዕቃ ሳትበላ ከተመለስክ በደጄ እንዳታልፍ።’ በደጃቸው ካላለፍኩ ደግሞ መኖር አልችልም፣ ጋራዡ ያለው እዚያ ነው። እንጀራዬ ላይ አትቁሚ፣ ታጠቢ።”

ታጠበች። ምን ታድርግ። እጇን ስታጥብ እንኳ ዕቅድ አላት፤ ትሪ ላይ ማንም አያውቅም፣ እጅሽ ይገባል ይወጣል፣ ትንሽ እንጀራ ቆርሰሽ ወጡ ዳር ላይ ታሽከረክሪያለሽ፣ ሌላው ይበላል። ተቀመጠች። ፍስሐ ፎጣውን ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ፣ ሽታው ወጣ። ከላይ ሳምቡሳው፣ ሦስት ማዕዘኑ የተሳለ፣ ጠርዙ በእናቷ አውራ ጣት የተደፈጠጠ። ፍስሐ አማተበ፣ ትልቁን አንስቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋው፦

“እንዳይበሉት!” ብላ ጮኸች። ከጎረቤት ተሳቢ ሥር አንድ ረዳት ብድግ ብሎ ራሱን ከብረቱ ጋር አጋጨ። “ጋሽ ፍስሐ፣ ስጋ አለበት! የእኛ ስጋ ነው፣ ደግሞም አርብ ነው!”

ፍስሐ ሳምቡሳውን አየው። “የለበትም ብለውኛል እኮ።”

“እናቴ ስጋ የሌለው ሳምቡሳ ሠርታ አታውቅም። ወላሂ። በሕይወቷ። ተሳስታ ነው፣ ወይ ዕቃው ተቀያይሮ ነው።”

“እሳቸው የለበትም ብለዋል፣ አንቺ አለበት ትያለሽ፣ በመሐል የእኔ ነፍስ አለች።” ሳምቡሳውን ዘረጋላት። “እንግዲህ ቅመሺልኝ። እኔ እንደሆን ከነከስኩት በኋላ ማወቄ አይጠቅመኝም።”

ሳምቡሳው እጇ ላይ ነው። ሞቅ ይላል፣ እሳት ሳይሆን የመንገዱ ፀሐይ ያሞቀው። ፈልቅቃ ብታየው ይበቃ ነበር፣ ይህ አሁን አይደለም የታሰባት፣ የታሰባት ብዙ ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ይህ ክብ ሰውዬ፣ አፉን ከፍቶ፣ ማተቡን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ የእሷን አፍ የሚጠብቅ ሰውዬ ነበር ያለው። ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ፣ ወደ መንገዱ፣ ተመለሰ። ስለ ራሷ ቢሆን አፏን አትከፍተውም ነበር። የሰው ነፍስ ናት። ነከሰች።

ምስር።

ደግማ ነከሰች፣ አላመነችም። ምስር፣ ቃሪያ፣ ጥቁር አዝሙድ። ምስር ኮፍያ አድርጎ! አፏ ሞልቶ ሳቋ መጣ፣ ሳምቡሳው በአፍንጫዋ ሊወጣ ምንም አልቀረው፣ ፍስሐ “ምንድን ነው? ስጋ ነው? ንገሪኝ እንጂ!” እያለ ይጮኻል፣ እሷ በእጇ ‘ይብሉ፣ ይብሉ’ ትለዋለች። ዕቃውን ገለጠችው፤ ከሳምቡሳው ሥር የምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ድንች በአልጫ፣ ዘይቱ የጾም። አንዲት ቁራጭ ስጋ የለም። ዓዚዛ፣ ያቺ ሠርግ ያጣላች ዓዚዛ፣ ቁጭ ብላ ምስር ለቅማለች። ከማን ጋር እንደሚበላ አስቀድማ አውቃ። ስንቁን ለእንግዳው አልላከችም፣ እንግዳውን ራሱን ነው የላከችው፤ መጀመሪያ ሰውየውን መረጠች፣ ከዚያ ለሰውየው የሚሆን ሠራች፣ ሁለቱም እጃቸውን የሚያስገቡበት፣ ማንም ‘እኔን ይቅርብኝ’ የማይልበት። ምክንያት እንኳ አላስቀረችላትም፣ ተንኮለኛ።

“አንድ ጉርሻ ያጣላል ይላሉ” አለ ፍስሐ ሁለተኛውን ሳምቡሳ እየጨረሰ፣ እጁን በእንጀራና በጎመን ሞልቶ፣ “እኔና አንቺ ደግሞ ገና ሳንተዋወቅ እንድንጣላ አልፈልግም። እንኪ።”

“ትንሽ ያድርጉት ጋሽ ፍስሐ።”

አየት አደረጋት። ግማሹን ወደ ዕቃው መለሰ፣ አሁንም ቀነሰ። “ይቺስ?”

“እሷን እችላለሁ።”

ቀላል አልነበረም፣ ማንም ቀላል ነበር እንዳይል። ጉሮሮዋ እንደ ኬላ ነው፣ እያንዳንዱን አስቁሞ ይፈትሻል። ፍስሐ ግን አያያትም፤ ሳያይ ያያታል። ስለ አንድ ግመል ያወራል፣ መንገድ መሐል ተኝቶ አልነሳም ስላለ፣ የስንት መኪና ሰልፍ ስላስቆመ፣ በመጨረሻ ባለቤቱ መጥቶ በጆሮው አንድ ነገር ሲያንሾካሹክለት ብድግ ብሎ ስለሄደ። “ምን አለው?” አለች ናዒማ። “እኔም ጠየቅሁት። ‘እናትህ ትጠራሃለች አልኩት’ አለኝ።” ይሄን ከኪሱ ነው ያወጣው፣ ግመልም የለም ምንም የለም፤ ሳቀች፣ ሳቋ ውስጥ አንድ ጉርሻ አለፈ፣ ኬላው ሳያየው።

ስልኩን አወጣች። ማታ አይደለም፣ በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም። እናቷ ገና ሳይጠራ አነሳችው፣ ስልኩን ታቅፋ ነበር የተቀመጠችው።

“እንግዳው መጣ?”

“መጣ እማ።”

“በላ?”

“እየበላ ነው። አላቆም ብሏል።”

“ደህና ነኝ እማማ ዓዚዛ!” አለ ፍስሐ በሞላ አፉ።

“አንቺስ? በላሽ?”

በላሁ። ቃሉ እንደ ልማዱ ብቻውን ተነስቶ መጣ፣ ከንፈሯ ላይ ደረሰ፣ እዚያ አስቆመችው። ስልኩን ዞር አላደረገችውም። “ሳምቡሳ” አለች። “የምስር። አንድ ሳምቡሳና ሁለት ትንንሽ ጉርሻ። እማ፣ ከዚህ በፊት ግን ... በስልክ የማሳይሽን ምግብ አልበላውም ነበር።”

እናቷ ቶሎ መለሰች። “አውቃለሁ።”

“ማን ነገረሽ?”

“ድመቷ። አንቺ ስትቀጥኚ እሷ ስትወፍር፣ እኔ እንዲያው ዓይን የለኝም? ማክሰኞ ዕለት ቀረብ ብዬ ሳይሽ ጉንጭሽን አጣሁት። ብጮህብሽ ስልኩን ትዘጊያለሽ ብዬ ፈራሁ። ምስር ለቀምኩ።” ድምጿ ትንሽ ተሰበረ፣ ወዲያው ገጠመችው። “ይሄን ለመጋላ ሰው እንዳትነግሪ። የምስር ሳምቡሳ ሠራች ብለው ያዋርዱኛል።”

ናዒማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ማሽኑን፣ ነጥቧን፣ የቁልፍ ጥርስ የሚመስለውን መስመር፣ የዘበኛውን ጉራ፣ ሐኪሟ የልቧን ምት ይዛ ደስ አላለኝም ማለቷን። ፍስሐ ተነስቶ ጎማዎቹን መምታት ጀመረ፣ አንዱንም ሳይዘል፣ ላለመስማት። እሁድ የሚያውቅሽን ሰው ይዘሽ ነይ ተብያለሁ እማ፣ ሰው የለኝም።

“እኔ እገባለሁ።”

“እንዴት?”

“በስልኩ። እዚያች ሐኪም ጠረጴዛ ላይ አቁሚኝ፣ አንቺ ትተረጉሚያለሽ። ‘ደህና ነኝ’ ብለሽ ከተረጎምሽ ደግሞ ፊትሽን አያለሁ። ፓስፖርቴ ሲደርስ በባቡሩ እመጣለሁ። ሁለቱም ዓይኖችሽ አይደል የዘለሉት? አንዱ ለፍስሐ ነው። አንዱ የእኔ ነው።”

ጥላው ከተሳቢው ሥር ወጥቶ ወደ መንገዱ ተዘረጋ። ከተማው እየነቃ ነው፣ ሩቅ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ ተኝተው የነበሩት እየተነሱ አሸዋቸውን ያራግፋሉ። ፊት ለፊት የቆመው መኪና የኋላ መብራት ቀይ ነው፣ ክብ ነው። ትክ ብላ አየችው። ዓይኗ ወደ ጎን ሄዶ ይሆናል፣ ወደ ዕቃው፣ ወደ መጨረሻዋ ሳምቡሳ፣ ተመልሶም ይሆናል። ይሂድ። እጇም ተከትሎት ሄደ።

“አንቺ፣ ሱልጣናስ?” አለች እናቷ ስልኩ ሊዘጋ ሲል። “እሷስ በላች?”

“ዛሬ” አለች ናዒማ እያኘከች፣ “ጾሟን ታድራለች።”